ጀርባሽን ማን ለካሽ?

መስከረም 21

ለወንድሜ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንደምን ከርመሻል? እናቴስ፣ ጉልበቷ ደረጃውን እሺ አላት? አባትሽ ከመንገድ ገብቷል ወይስ ዛሬም የጭነት መኪናው ውስጥ ነው የሚያድረው? እኔ ከወገቤ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው፤ ወገቤም ቢሆን ጥፋቱ የወንበሩ ነው። ፈጣሪ ለሁላችሁም ጤና ይስጥልኝ፣ ለእናቴ ደግሞ ጨመር አድርጎ፤ ካልጨመረላት እሱንም አታስቀምጠውም።

እሁድ በስልክ አውርተን ምን ደብዳቤ ያስፈልጋል ትይኝ ይሆናል። በስልክ ሁሉም ሰው ደህና ነው። «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ። አንቺስ?» «ደህና።» ከዚያ እናቴ ስልኩን ትቀማሻለች። ስለዚህ እንደ ልማዳችን ጻፊልኝ፣ ሦስት ሳምንትም ቢፈጅ ይድረሰኝ።

ካፖርቱ መቼም ደርሶሻል። ተራ ጨርቅ እንዳይመስልሽ! የምሠራበት የስፌት ቤት ካለው ሁሉ ምርጡ የካፖርት ጨርቅ ነው፤ ወይን ጠጅ መደብ፣ ወርቃማ ቅጠል፣ ከበድ ያለ፣ ነፋስ የማያስገባ። ራሴ ቆርጬ ራሴ ሰፋሁት። እዚህ ሰው አገር ካፖርት የሚቆርጥ ሰው እንደ ቀላል አይታይም፤ ሌላው እስኪቆርጥ ቆሞ ይጠብቀዋል። የፋርማሲስቱ ልጅም እጇ ይባረክ፣ አምና ልኬትሽን የላከችልኝ አንዲት ሴንቲ ሳታስት ነው። እንዲህ ያለች ጓደኛ ያለሽ ልጅ ምን ይጎድልሻል? ለብሰሽው ትምህርት ቤት ሂጂና ፎቶ ላኪልኝ። እዚህ ላሉት አሳያቸዋለሁ።

እትዬሽ


ጥቅምት 19

ለተወደድሽው እትዬ፣

ጤናሽ እንደምን ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። አያቴ «ከግራ ጉልበቴ በቀር በይልኝ» ብላለች። አባዬ ሁለት ቀን አድሮ ሄደ፣ ሲሚንቶ ጭነት አለበት።

ካፖርቱ ደርሶኛል፣ እጅሽ ይባረክ። ልክክ ብሎልኛል። ትምህርት ቤት ለብሼው ሄጄ ነበር፤ ያላየው ሰው የለም። ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሁሉም ያውቀዋል። ፎቶ መላክ ግን አልቻልኩም፣ የስልኬ ካሜራ ተበላሽቷል።

ትምህርት ጥሩ ነው። አሥረኛ ክፍል ከዘጠነኛ ብዙም አይለይም። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ሌላ ጊዜ የምትልኪው ካለ ጥቁር ሹራብ ቢሆን ደስ ይለኛል። ምንም የሌለበት፣ ዝም ያለ ጥቁር። ጥቁር ቆሻሻ አያሳይም።

ፈጣሪ ይጠብቅሽ፣ ከወገብሽም ጋር ያስታርቅሽ።

የወንድምሽ ልጅ


ኅዳር 16

ለልጄ፣

ሰላምና ጤና፣ የምግብ ፍላጎትም ይብዛልሽ። እናቴን «የቀኙ ጉልበትሽ ግራውን ይደግፈው» በያት።

ጥቁር? ምን ሆነሽ ነው ጥቁር? በአሥራ ስድስት ዓመትሽ የአልቃሽ ልብስ! እሱን ስታረጂ ትለብሽዋለሽ። ይልቅ ደስ የሚል ነገር ልኬልሻለሁ። ከካፖርቱ ጨርቅ ተርፎኝ ስለነበር ቦርሳና ጉርድ ቀሚስ ሰፋሁልሽ። አሁን ሙሉ ሆነሻል። ከሩቅ ስትመጪ «ያቺ ማናት?» ነው የሚሉት።

ለፋርማሲስቱ ልጅም አንድ ነገር ልሰፋላት አስቤያለሁ። እንደ በፊቱ አብራችሁ ነው የምትቀመጡት? በደብዳቤሽ ስሟን አላነሳሽልኝም። የዘንድሮ ልኬትሽንም እሷው ትውሰድና ላኪልኝ። በራስሽ እጅ እንዳትለኪ! ደረትና ወገብ ግድ የለም፣ ጀርባ ግን በራስ እጅ አይለካም፤ ሜትሩን የሚይዝልሽ ሰው ያስፈልጋል።

እትዬሽ


ጥር 10

ለእትዬ፣

እንደምን አለሽ? ደህና ነን። ስለዘገየሁ ይቅርታ፣ ፈተና ነበር።

ቦርሳው ደርሷል። ጉርዱም። አያቴ በጣም ወዳዋለች፣ ቦርሳውን ካልያዝሽ አትወጪም ትለኛለች። አመሰግናለሁ።

ልኬቴ፦ ቁመት 163፣ ደረት 80፣ ወገብ 59፣ እጅጌ 58፣ ትከሻ 37፣ የጀርባ ርዝመት 38።

ለፋርማሲስቱ ልጅ አትድከሚላት፣ ብዙ ልብስ አላት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ ጋ ለመሥራት አሥራ ሁለተኛን መጨረስ ግድ ነው? ቁልፍ መትከል እችላለሁ። ወለልም እጠርጋለሁ። ትምህርት ለሁሉም ሰው አይሆንም። ለአባዬ ከመንገሬ በፊት ያንቺን ልስማ ብዬ ነው።

ደህና ሁኚ።


ጥር 30

ልጄ፣

እንደምን ነሽ አልልሽም። «ደህና ነን» ነው መልሱ፣ አውቀዋለሁ።

ልኬትሽን ከአምናው ጋር አስተያየሁት። ቁመትሽ በአምስት ሴንቲ ጨምሯል። እጅጌሽ በሦስት ጨምሯል። ተመስገን፣ ታድጊያለሽ። ትከሻሽና ጀርባሽ ግን ያው የአምናው ነው፣ አንዲት ሴንቲ ንቅንቅ አላለም። እጅሽ እየረዘመ ጀርባሽ ቆሞ የሚጠብቀው ምን ሊሆን? ከአምናው ወረቀት ገልብጠሽ ነው የጻፍሽልኝ።

ለምን ገለበጠች ብዬ አሰብኩ። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የለችም። የእናቴ ዓይን የሜትር ቁጥር አያይም። አባትሽ መንገድ ላይ ነው። ሁልጊዜ የምትለካሽ የፋርማሲስቱ ልጅ ነበረች። ስለዚህ እጠይቅሻለሁ፤ ጀርባሽን ማን ለካሽ?

ሌላም አለ። ወገብሽ በሰባት ሴንቲ ቀንሷል። የሚያድግ ልጅ ወገቡ እንዲህ አይቀንስም። ምሳሽን የሚበላው ማን ነው?

ቁልፍ ትከላለሁ፣ ወለል እጠርጋለሁ ያልሽውንም አየሁት። ከመጥረጊያ ፍቅር የመጣ አይመስለኝም። ከምን እንደምትሸሺ ንገሪኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምተሽ የለ?

እትዬሽ


የካቲት 26

ልጄ፣

ደብዳቤዬ እንደደረሰሽ አውቃለሁ። በስልክ ስጠይቅሽ «ጽፌያለሁ፣ መንገድ ላይ ነው» አልሽኝ፣ ከጎንሽ እናቴ ነበረችና ዝም አልኩ። ደብዳቤ ይዘገያል፣ እሱን አውቃለሁ። አንቺ ግን ስትዋሺ አንገትሽን እንደምታኪ ከሕፃንነትሽ አውቃለሁ፣ በስልክም ታየኝ።

የፈለግሽውን ጻፊ። ስድብም ቢሆን ጻፊ። ፊደሉ ቢያምር ባያምር ግድ የለኝም። እኔ አልሰበርም።

እትዬሽ


መጋቢት 7

እትዬ፣

ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ፣ አትቆጪ። ሰላምታ ከጀመርኩ መጨረሻዬ «ደህና ነን» ነው።

ጀርባዬን ማንም አልለካኝም።

ካፖርቱን ለብሼ የሄድኩ ቀን አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ነበረን። የአዳራሹ መድረክ መጋረጃ አለው። ወይን ጠጅ ነው፣ ወርቃማ ቅጠል ያለበት። የፋርማሲስቱ ልጅ «እዚያ ቁሚና ፎቶ ላንሳሽ፣ ለአክስትሽ ትልኪላታለሽ» አለችኝ። ቆምኩ። ፈገግም አልኩላት፣ እኔ ሞኟ። ፎቶው ላይ የሚታየው ጭንቅላቴና ሁለት እግሬ ነው፣ መሃሉ የለም። «ጓደኛችን ጠፍታብናለች፣ ያያችሁ?» ብላ ክፍላችን ስልክ ላይ ለከፈተው ቡድን ላከችው። ከሰዓት በኋላ ያላየው አልነበረም። መጀመሪያ እኔም ስቄያለሁ፣ ያስቃልም። ሳቁ በማግስቱ ያልቃል ብዬ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «መጋረጃ» ነው። ኮሪደር ላይ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ካፖርቴን ይይዙና «ይከፈት!» ብለው ይጎትታሉ፣ «ይዘጋ!» ብለው ይለቃሉ። ካፖርቱን መልበስ ተውኩ፤ ሹራቤን ያዙ። ቦርሳው ሲመጣ አያቴ ካልያዝሽ አትወጪም አለች። በሁለተኛው ቀን ከመድረኩ መጋረጃ ላይ ሰቅለውት አገኘሁት። ሳወርድ ዘበኛው ሳይቀር ፈገግ አለ። የፋርማሲስቱ ልጅ ወንበር ቀየረች፣ አጠገቤ የሚቀመጥ የለም። ምሳ ሰዓት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው የውሃ ታንከር ሥር እሄዳለሁ። ምሳዬን ለድመት እሰጠዋለሁ፣ አልወርድልኝ ስለሚል።

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ቡድኑ ውስጥ «መጋረጃዋ ጭራሽ ብትጠፋ ልብ የሚል ይኖራል?» ብሎ ጻፈ። ሠላሳ አራት ሰው የሳቅ ምልክት አደረገበት። ቆጠርኳቸው። ስማቸውን አንድ በአንድ አነበብኩ።

እሱን ካነበብኩ ወዲህ እውነታቸውን ይሆናል እላለሁ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የሚያናድደኝ መንቃቴ ነው። መኖር ደክሞኛል እትዬ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ለማንም አትንገሪ፣ በተለይ ለአባዬ። ለአንቺም ያልነገርኩሽ በካፖርቱ እንዳታዝኚ ብዬ ነበር። ካፖርቱ ምንም አላጠፋም። ያ ሁሉ ልፋትሽ ነው።


መጋቢት 25

ልጄ፣ ልጄ፣

ደብዳቤሽን ያገኘሁት ወደ ሥራ ስወጣ ነው። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት፣ ሥራውም ቀረ። ከዚያ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ ደወልኩ፣ አለቀስሽ፣ አለቀስኩ፣ እናቴ «ማን ሞተ?» ብላ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። ማንም አልሞተም አልኳት። ማንም አይሞትም።

ከዚያ ለአባትሽ ደወልኩ። አትንገሪ ብለሽኝ ነበር። ሌላ ሚስጥር ስጪኝ፣ ጉድጓድ እስክገባ ይዤው እኖራለሁ። ይሄንን ግን አልያዝኩም፣ ነገም ብትነግሪኝ አልይዘውም። ተቆጪኝ፣ አኩርፊኝ፣ ስሜን አትጥሪ። የምታኮርፈኝ የወንድም ልጅ ብቻ ትኑረኝ። አባትሽ ያላለቀሰ እንዳይመስልሽ። መኪናውን ዳር አቁሞ ነው ያናገረኝ።

ጤና ጣቢያ ያለችውን ሐኪም እንድታይሽ ከእሱ ጋር ተነጋግረናል። የደከመው ነገርሽ ብቻውን የሚነሳ ስላልሆነ ትረዳሻለች። የልብሽን ንገሪያት። እኔ ሩቅ ነኝ፣ እጄ አይደርስም።

አሁን ደግሞ የኔን ስሚ። እነዚያ ልጆች ልባቸው ክፉ ነው፣ ዓይናቸው ግን አልተሳሳተም። ጨርቁ የመጋረጃ ነው።

እኔ ካፖርት ቆራጭ አይደለሁም። የምሠራበት ቤት የሆቴልና የአዳራሽ መጋረጃ ነው የሚሰፋው። ሥራዬ ጠርዝ ማጠፍ ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር፣ ቀኑን ሙሉ፣ ስድስት ዓመት። መቀስ አስነክተውኝ አያውቁም። ልኬት የማውቀው እዚያው አገር ቤት ሳለሁ ከሰፈራችን ልብስ ሰፊ ጎን ቁጭ ብዬ ከለቀምኩት ነው። እንደመጣሁ እናቴ በስልክ «ምን ትሰፊያለሽ?» ስትለኝ «ካፖርት» አልኳት፣ ከአፌ አመለጠኝ። በዓመቱ «አላሳደጉሽም?» አለችኝ፤ ቆራጭ ሆኛለሁ አልኳት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ በስልክ ስሾም ኖርኩ። ትንሽ ብትገፋኝ ኖሮ ይሄኔ የድርጅቱ ባለቤት ነበርኩ።

የተረፈ ቁራጭ ውሰዱ ሲሉን ያን ጨርቅ ወሰድኩ። በሕይወቴ የቆረጥኩት ካፖርት እሱ ብቻ ነው። እዚያው መጋረጃ የምትተኩሰውን ጓደኛዬን «እንዴት ነው?» ብላት ረጅም ሰዓት አየችውና «ይሞቃታል» አለችኝ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። እናንተ እንዳታፍሩብኝ ብዬ ዋሸሁ፣ አንቺ ደግሞ እኔ እንዳላፍር ብለሽ ስድስት ወር ብቻሽን ተቃጠልሽ። እውነቱን ብነግርሽ ኖሮ ቤት ውስጥ ትለብሽው ነበር። ይቅር በይኝ።

ይሄን ለእናቴ አንብቢላት። እኔ በስልክ ለመንገር ወኔ የለኝም።

በየሳምንቱ ጻፊልኝ። አንድ መስመርም ይበቃኛል።

እትዬሽ፣ መጋረጃ ሰፊዋ


ሚያዝያ 16

ለእትዬ፣

ተቆጥቼሻለሁ። ራስሽ ስለፈቀድሽ ከእሱ እጀምራለሁ።

አባዬ ሲሚንቶውን እንደጫነ መጥቶ መኪናውን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ገተረው። መምህራን መግቢያ አጡ። ጸጉሩ ላይ ሲሚንቶ እንዳለ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ምክትሉ «ልጆች ናቸው፣ ይጫወታሉ» አለው። አባዬ ድምፁን እንኳን ከፍ አላደረገም። «ጨዋታማ ሁለቱም ሲስቁ ነው። እኔ ልጄ ስትስቅ ካየሁ ስንት ጊዜዬ!» አለና ተቀመጠ። ስልኬን አውጥቶ ያን ጽሑፍና የሠላሳ አራቱን ስም ምክትሉ እስኪያይለት አልነሳም። ቡድኑ ተዘጋ፣ የጻፈው ልጅና ሌሎች ሁለት ልጆች ወላጅ አመጡ፣ የፋርማሲስቱ ልጅም አባቷን ይዛ መጣች። አባዬ አንድ ጭነት ቀርቶበት አንድ ሳምንት ቤት ተቀመጠ። በየጠዋቱ ዳቦ እየገዛ ሲመጣ አየዋለሁ፣ ምን እንደሚለኝ ግን አያውቅም። እኔም አላውቅም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ከበፊቱ ባሰ። «መጋረጃ» የሚለኝ ጠፋ፣ ግን ሳልፍ ሁሉም ዝም ይላሉ። ስድቡ ይሻል ነበር አልኩ፣ እና ያን ቀን ነው በጣም የተቆጣሁሽ።

ሐኪሟን በየሐሙሱ አያታለሁ። ጠይቃኝ ዝም ትላለች፣ እስክመልስ። መጀመሪያ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ዝም ተባባልን። ሁለተኛው ላይ አላስቻለኝም።

አሁን የምነግርሽን ግን አታምኚኝም። ማክሰኞ እንደ ልማዴ ታንከሩ ሥር ተቀምጬ ድመቷን ጠራሁ። ምሳዬን አሸተተችና ፊቷን አዞረች። ተነስታ ወደ ታንከሩ ማዶ ሄደች። ከዚያ ከማዶ የሰው ድምፅ ሰማሁ፤ «ዛሬም ጠግበሽ ነው የመጣሽው? ኧረ ማነው እንዲህ የሚቀልብሽ?»

ልሮጥ ነበር። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ «እኔ ነኝ» አልኩ።

ከዚያ ከታንከሩ በላይ ጭንቅላት ወጣ። ቆማ ነው፣ ምንም ላይ አልወጣችም! የሌላው ክፍል ልጅ ናት፣ ዘንድሮ ነው ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣችው። ቀጭኔ ይሏታል። በቅጽል ስሟ እንድጽፍልሽ ራሷ ፈቅዳለች። መምህር በሌለበት ሁሉ «አምፑል ቀይሪልን» እያሉ ወንበር ላይ ያቆሟታል። ከጥቅምት ጀምሮ ከታንከሩ ማዶ ነበረች እትዬ! እኔ ወዲህ፣ እሷ ወዲያ። የእግሯን ኮቴ ስሰማ ሊሰልሉኝ መጡ እያልኩ ትንፋሼን እይዝ ነበር። እሷም የኔን ስትሰማ እንደዚያው። ሁለታችንም ምሳችንን ለአንዲት ድመት።

«መጋረጃዋ ነሽ አይደል?» አለችኝ።

«ቀጭኔዋ ነሽ አይደል?» አልኳት።

ምኑ እንዳሳቀን አላውቅም፣ ግን ተቀመጥንና ሳቅን፣ ድመቷ ደንግጣ ሄደች። ቀጭኔ ስትስቅ እንደ በር ነው የምትንቋቋው። በማግስቱ ምሳችንን ራሳችን በላን።

ጠዋት አሁንም የሚከብደኝ ቀን አለ። አልዋሽሽም። ቀጭኔ ግን መንገዱ ጥግ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ካልመጣሁ ደግሞ ከሩቅ የምትታይ ልጅ ናት፣ ሰው ሁሉ «ማንን ነው የምትጠብቂው?» ይላታል። ስለዚህ እነሳለሁ።

ለአያቴ አነበብኩላት። «ታዲያ መጋረጃ የሚሰፋ ሌባ ነው?» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ጮኸች፤ «ስድስት ዓመት ሙሉ መጋረጃ ስትሰፋ የኔ መስኮት ራቁቱን!»

እየተቆጣሁ፣ የወንድምሽ ልጅ


ግንቦት 7

ለልጄና ለተቆጣችኝ፣

ሰላም ለአንቺ፣ ሰላም ለአባትሽ፣ ሰላም ለዚያች ረጅም ልጅ፣ ፈጣሪ ቁመቷን አይቀንስባት።

ደብዳቤሽን ሥራ ቦታ አነበብኩት። ድመቷ ጋ ስደርስ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ መስመሬ ተጣመመ፣ አራት ሜትር ጠርዝ ፈታሁ። መጋረጃ የምትተኩሰው ጓደኛዬ «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ ነገርኳት። እሷም ሰምታ አላበቃችም፣ ለበሩ ጠባቂ ነገረችው። አሁን እሱም ጠዋት ስገባ «ድመቷ እንዴት ናት?» ይለኛል።

ስለዚህች ጓደኛዬ ጽፌልሽ አላውቅም። እንደመጣሁ አራት ወር ሙሉ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም። ምሳዬን የምበላው የጨርቅ ጥቅል መሃል ተደብቄ ነው። ከምን እንደተደበቅኩ እንኳን አላውቅም፣ የሚነካኝ አልነበረም፤ ዝም ብሎ የማያየኝ ሰው በዝቶብኝ ነው። አንድ ቀን ወንበሯን እየጎተተች መጣችና አጠገቤ አስቀመጠችው። ምንም አላለችኝም። ቋንቋዬን አታውቅም፣ ቋንቋዋን አላውቅም ነበር። በበነጋውም መጣች። እሷ ባትኖር ኖሮ ሻንጣዬን አንስቼ እመለስ ነበር፣ ወይም ከዚያ የባሰ። ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነው የነገርኩሽ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? ድሮ ስሰማው ያናድደኝ ነበር፣ ሩቋ ዘመድ እኔ ነኛ! አሁን ግን እኔ ከዚህ ሆኜ ያልሆነልኝን ያቺ ልጅ መንገድ ጥግ ላይ በመቆም አደረገችው። ሳሚልኝ። መድረስ ከቻልሽ።

እሁድ በስልክ እንዳልኩሽ የእናቴን መስኮት ልክ ላኪልኝ። መጋረጃ ላይ ማንም አይቀድመኝም። ሐሙስሽንም እንዳትዘልዪ። በየሳምንቱ ጻፊ ያልኩሽ እንዳለ ነው።

እትዬሽ


ሰኔ 23

ልጄ፣

ከጻፍሽልኝ አምስት ሳምንት ሆነ። የመጨረሻው ወረቀትሽ የመስኮት ልክ ብቻ ያለበት ነው።

ሦስት እሁድ ደወልኩ። ሦስቱንም ጊዜ እናቴ «ወጥታለች» አለችኝ። የት ስላት «እኔ ምን አውቄ፣ ወጥታለች» ትላለች። አንቺ እኮ መውጫ የሌለሽ ልጅ ነበርሽ። አባትሽን ጠየቅኩት። «ደህና ናት» አለኝ። በስልክ ነው ያለኝ፣ በስልክ ደግሞ ሁሉም ሰው ምን እንደሆነ ነግሬሻለሁ።

ምናልባት በሆነ ነገር አስቀይሜሽ ይሆናል። ምናልባት ያ ክፉ ጠዋት ተመልሶብሽ ሆድ ይፍጀው ብለሽ ይሆናል። እዚህ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። የመጣው ይምጣ፣ ብቻ ንገሪኝ። አንድ መስመር። «አለሁ» ብለሽ ብትጽፊም ይበቃኛል።

እትዬሽ


ሐምሌ 12

ለእትዬ፣ ለመጋረጃዎች ሁሉ እመቤት፣

አለሁ! አለሁ! አለሁ! ሦስት ጊዜ ጻፍኩልሽ፣ አንዱን ለወገብሽ አድርጊው።

ዛሬ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ በጣም አፈርኩ። ምን ብዬ ልመልስልሽ ብዬ ሁለት ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር፣ አንዱ ፈተና ነው፣ ሁለተኛው ፖስታ ቤት። ከዚያ በስልክ ከእንግዲህ አንዋሻሽም መባባላችን ትዝ አለኝ። እውነቱ ይሄ ነው፤ ረስቼ ነው። ወረቀቱን አውጥቼ ቀኑን ጽፌ ነበር፣ ሰኔ 2 ይላል፣ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። «ለእትዬ» ብዬ ሳልጨርስ ቀጭኔ በሩን ደበደበችው፣ ወጣሁ፣ በቃ። በማግስቱም ወጣሁ።

የት ለምትይኝ፤ የወንድሟን ብስክሌት እየጠገንን ነው። ወንድሟ ጥሎት የሄደ አሮጌ ብስክሌት ነው፣ ሰንሰለት የለውም፣ ፍሬን የለውም። እኔ ጎማ መለጠፍ ችዬበታለሁ። ቁልቁለት ላይ እሷ ስትነዳው ጉልበቷ መሪውን እየመታ ትወድቃለች፣ እኔ ስነዳው እግሬ አይደርስም፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ እየገፋነው ነው የምንሄደው። ቁስል በቁስል ሆነናል። አባዬ ትናንት ሁለታችንንም አይቶ «የጭነት መኪና የገጫችሁ ነው የምትመስሉት» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ አባዬ ሳቁን አቁሞ አየኝና ውሃ ልጠጣ ብሎ ገባ።

ድመቷ አራት ወለደች። ለካ ውፍረቷ የኛ ምሳ ብቻ አልነበረም።

የፋርማሲስቱ ልጅ ፈተናው ያለቀ ቀን መንገድ ላይ አግኝታኝ «ያኔ እኮ...» ብላ ጀመረች። አልጨረሰችውም። እኔም አላስጨረስኳትም። ሰላም አልኳትና አለፍኩ። ይቅር ብያት ይሆን? እንጃ። ገና አላውቅም፣ ሐኪሟም አትቸኩዪ ብላኛለች። ሐሙስን አልዘለልኩም።

አንዳንዴ የሚከብደኝ ጠዋት አሁንም ይመጣል። በፊት እንደሚመጣው አይደለም ግን። ባለፈው ሳምንት ስነቃ ሳላስበው ቀጥታ ሰንሰለቱን ከየት እንደምናገኝ ነው ያሰብኩት። ከአልጋዬ ወርጄ ፊቴን ስታጠብ ነው ያስተዋልኩት።

አሁን በሩ እየተደበደበ ነው፣ በሩን ልትሰብረው ነው። መጋረጃው ለአያቴ መስኮት ልክክ ብሎለታል፤ ጎረቤት እየጠራች ታሳያለች። «ልጄ ናት የሰፋችው፣ መጋረጃ ሰፊ ናት» ትላለች፣ ጮክ ብላ።

እንዳስጨነቅኩሽ ይቅርታ። በእውነት ረስቼሽ ነው።

የወንድምሽ ልጅ


ነሐሴ 4

ልጄ፣

እንደምን ነሽ፣ ጉልበትሽስ ዳነ? ተመስገን ነው የምለው፣ ሌላ ቃል አጣሁ።

ደብዳቤሽን ይዤ ከወንበሬ ተነሳሁና ጓደኛዬ ካውያ ወደምታደርግበት ሄድኩ። «ረስቼ ነው» የሚለውን አነበብኩላት። ደግሜ አነበብኩላት። በእንፋሎቱ ውስጥ ሆና አየችኝና «ሰው ረሳሁሽ ብሎ ጽፎልሽ እንዲህ ጥርስሽን ትገልጫለሽ?» አለችኝ። ላስረዳት ሞከርኩ፣ አልቅሼ አቋረጥኩት። ካውያውን አስቀምጣ አቀፈችኝ። አለቃችን መጥቶ ማን ሞተ ብሎ ጠየቀ።

መጋቢት ላይ ስትጽፊልኝ ከእኔ ሌላ የምትነግሪው ሰው አልነበረሽም። እኔ ደግሞ የሦስት ሳምንት መንገድ ነኝ። ያንን ወረቀት ይዤ ስንት ቀን «ሳልደርስላት ብቀርስ» እያልኩ ኖሬያለሁ፣ አንቺ አታውቂውም፣ ልታውቂውም አይገባሽም። አሁን ግን በሩን የሚደበድብ ሰው ስላለሽ ከደብዳቤው መሃል ተነስተሽ ትሮጫለሽ።

በየሳምንቱ ጻፊ ያልኩሽን ትቼዋለሁ። ሲመችሽ ጻፊልኝ፣ ካልተመቸሽ ደግሞ ውጪ፣ ንጂ፣ ውደቂ፣ ተነሺ። የሚከብደው ጠዋት ሲመጣ ብቻ እንዳትደብቂኝ፤ ያኔ መጀመሪያ ለአጠገብሽ ሰው ንገሪ፣ ከዚያ ለእኔ።

ለቀረው ጊዜ ግን፣ እንኳን ረሳሽኝ ልጄ። እንኳን ረሳሽኝ።

እትዬሽ